የእማማ ይፍላ ጉልበትና የጉድጓዱ ውሃ

በእማማ ይፍላ ቤት ያልተቀቀለ ነገር አልነበረም። ማንኪያ ይቀቀላል። ጡጦ ይቀቀላል። የእጅ ፎጣ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ መቀስ፣ ሁሉም ተራውን ጠብቆ ድስት ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜማ የጎረቤት ልጅ ጭቃ ላይ የጣለቻት አሻንጉሊት ተቀቅላ አንገቷ እንደ ሰም ቀልጦ ነው የተመለሰችው። «አሁን ጀርም የለባትም» አሉ ሲመልሷት። እውነታቸውን ነው። አንገትም አልነበራትም።

ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ሰው ባልዲ ይዞ ሲያልፍ ካዩ መጀመሪያ «ይፍላ!» ይላሉ፤ «እንደምን አደርክ» የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ስሙን አይጠሉትም። እንዲያውም አንዱ ተሳስቶ በእውነተኛ ስማቸው ሲጠራቸው «ማንን ነው?» ብለው ዞር ሲሉ አይቻለሁ።

ልማዱ የመጣው ከሥራቸው ነው። በወጣትነታቸው በጤና ጣቢያው የመቀቀያ ክፍል ተቀጥረው ነበር። ያን ጊዜ መርፌው የብርጭቆ ነው፤ አንዱ ከተወጋበት በኋላ ታጥቦና ተቀቅሎ ለሚቀጥለው ይውላል። ክፍሏ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም፣ ግድግዳዋ ቀን ከሌት የሚያልበው፣ ቀለሟ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሚነሳ ነበረች። መርፌዎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ድስቱ ውስጥ ይገባሉ፤ ውሃው ሲንተከተክ ብርጭቆው እርስ በርሱ እየተጋጨ ኪል ኪል ይላል። እማማ ይፍላ በሰዓት አይሠሩም ነበር። በዚያች ድምፅ ነው። ነርሶቹ በር ላይ ቆመው «ቶሎ በይ እንጂ፣ ሰው ተሰልፏል!» ሲሏቸው «ይሰለፍ፣ ገና አልዘፈነም» ብለው ይመልሱ ነበር። በእሳቸው እጅ ባለፈ መርፌ የመረቀዘ ሰው የለም። ይህን ራሳቸው ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ ግማሹን እቀንስ ነበር፤ የነገሩኝ ግን አብረዋቸው የሠሩ ናቸው።

ይህን ሁሉ የማወራው እናንተን ለማሳቅ አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ ትክክለኛ ነገር ስትሠራ የኖረች ሴት፣ ያው ትክክለኛ ነገር አንድ ቀን እጇ ላይ ተገልብጦ የልጅ ልጇን ሊገድል ሲል ማን ነው የሚጠየቀው? ለዚህ መልስ ያለው ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኔ እስካሁን አላገኘሁም፤ ያገኘሁት የሚያመካኝ ብቻ ነው።

ቤታቸው ከኮረብታው ግርጌ ናት። ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በር ላይ የምትንቋቋ የእንጨት አግዳሚ። ከኋላ ያለው ተዳፋት የወንድማቸው የሽንኩርት ማሳ ነው። ይህን ወንድማቸውን ሰፈሩ «ባለሽንኩርቱ» ይለዋል። እናታቸው የሞተችው እሱ ገና ሲድህ ነበርና አዝለው ያሳደጉት እማማ ይፍላ ናቸው። አሁን ራሱ የተመለጠ ትልቅ ሰው ነው፤ እሳቸው ግን አፍንጫው ሲረጥብ አሁንም በመሐረባቸው ሊጠርጉለት እጃቸው ይነሳል።

ጡረታ በወጡ ጊዜ ስጦታ ብሎ ጉድጓድ ቆፈረላቸው። የሲሚንቶ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ያወረደው ራሱ ነው። ውሃው ኩልል ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ ምላስ ላይ ለስለስ የሚል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ከዚያ ይቀዳል፤ እማማ ይፍላም አግዳሚያቸው ላይ ተቀምጠው ለእያንዳንዱ ባልዲ «ይፍላ!» ይላሉ።

ማሳው ከላይ ነው፣ ጉድጓዱ ከታች። ይህን ለማየት ትምህርት አይጠይቅም። ሁላችንም በየቀኑ እያየነው ቀዳን።

ስለ ጉልበታቸው ደግሞ መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ያለ ጉልበታቸው አይገባም። ጤና ጣቢያው ውስጥ የፈላ ድስት ተሸክመው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ወድቀው ቀኝ ጉልበታቸው ተሰብሮ ነበር። ድኗል፤ ግን ዝናብ ሊመጣ ሲል ያስታውሳቸዋል። ሰማዩ ጠርቶ፣ ሬዲዮኑ «ፀሐያማ» እያለ፣ እሳቸው ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይይዙና «መጣ» ይላሉ። ይመጣልም። የሰፈሩ ሴቶች ልብስ ከማጠባቸው በፊት ጉልበታቸውን ይጠይቃሉ።

ከሁሉም በላይ የሚያምናቸው ግን ወንድማቸው ነበር። ከማሳው ላይ ሆኖ ይጮሃል።

«እታለም! ጉልበትሽ ምን ይላል?»

«ጀምሮኛል!»

«በደንብ ነው ወይስ በስሱ?»

«በደንብ! ልብስህን አስገባ!»

ልብሱን አያስገባም። የማዳበሪያውን ከረጢት ነው የሚከፍተው። ነጩን ፍሬ በባልዲ ይዞ ሽንኩርቱ መሀል እንደ ዘር ይበትነዋል፤ ከዚያ እጁን አራግፎ ቤቱ ገብቶ ይጠብቃል። ሌላው ገበሬ አፈሩን በመኮትኮቻ ገለጥ አድርጎ፣ ማዳበሪያውን ቀብሮ፣ በቦይ ውሃ ሲያጠጣ ወገቡ ይሰበራል። እሱ ግን ለምን ይልፋ? ዝናቡ መጥቶ ያሟሟዋል፤ ሥሩ ድረስ ያወርድለታል። «ሰማይ ነው የቀን ሠራተኛዬ፣ ቀጣሪዋ ደግሞ እህቴ ናት» እያለ ይቀልድ ነበር። ሻጩም «ጨምርበት፣ ከበዛ አይጎዳም» ብሎታልና ይጨምርበታል። የሽንኩርቱ ራስ የጨቅላ ጭንቅላት አከለ። ሁላችንም አመሰገንነው።

ሥሩ ያልጠጣው ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ የለም።

የእማማ ይፍላ ልጅ በአውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ናት። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ሥራ ገባች፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትውል፣ ስትጮህ፣ ስትጋፋ ጡቷ ደረቀ። ሕፃኗ ወደ ጡጦ ተዛወረች። አያቷ ጉንጯን አይተው «ድንቡሼ» አሏት፤ ስሙም ጸና። መልኳ ያማረ፣ ስትስቅ ድዷ ሁሉ የሚታይ፣ የሰው ጣት ከያዘች የማትለቅ ነበረች።

ጡጦውን የሚያዘጋጁት እማማ ይፍላ ናቸው። እንዴት እንደሚያዘጋጁት ደግሞ መገመት አያቅታችሁም። ከጉድጓዱ ይቀዳሉ፣ በነጠላ ያጠላሉ፣ ይጥዳሉ። ውሃው ይፈላል፤ አያወርዱትም። ይንተከተካል፤ አያወርዱትም። ድስቱ ውስጥ ያለው ግማሽ እስኪሆን ድረስ ይተዉታል። «ለትልቅ ሰው አንድ ጊዜ ይበቃዋል፤ ለጨቅላ ግን እሳቱ በደንብ ይግባበት» ይላሉ። ከዚያ ፔርሙዝ ውስጥ ይገለብጡታል። ልጃቸው አንዳንዴ ሰዓት ሲረፍድባት «እማዬ፣ ይበቃዋል እኮ! ውሃ ነው ወይስ ድንጋይ?» ትላለች።

«አንቺም እንዲህ ነው ያደግሽው» ይሏታል። «አንድ ቀን ሆድሽን ታመሽ ታውቂያለሽ?»

አታውቅም። ስለዚህ ወደ ሥራዋ ትሮጣለች።

ክረምቱ በገባ ሰሞን አንድ ረፋድ ላይ ድንቡሼ ጡጦዋን ተፋች። እማማ ይፍላ አፏን ሊጠርጉ ጎንበስ ሲሉ ከንፈሯ አመድ መስሏል። ብርድ ነው ብለው ጋቢ ደረቡላት። አልተመለሰም። ጣቶቿን ገለጡ፤ ጥፍሮቿ ሥር ቀለም የፈሰሰ ይመስላል። ልጅቱ አታለቅስም። እሱ ነው ያስደነገጣቸው። ወደ ኮረብታው ዞረው በሕይወታቸው ጮኸው የማያውቁትን ጩኸት ጮኹ።

ባለሽንኩርቱ በአንድ እግሩ ጫማ እንደወረደ ነው የሚባለው። ሽንኩርት በሚጭንባት ባጃጅ አሳፍሯቸው መንገድ ላይ እጁን ከክላክሱ ሳያነሳ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው።

የድሮው ጤና ጣቢያ ፎቅ ሆኗል። የመቀቀያ ክፍሏ መጥረጊያና ባልዲ ማስቀመጫ ሆናለች። ሐኪሟ የልጃቸው እኩያ የምትሆን ሴት ናት። ኦክስጅን አፏ ላይ አደረገችላት፤ ቀለሟ አልተመለሰም። ልቧን አዳመጠች፤ ደህና ነው። ደም ቀዳች፤ መርፌው ውስጥ የገባው ደም እንደ ቸኮሌት ቡናማ ነበር። ሐኪሟ ወደ ብርሃኑ ያዘችውና ዞረች።

«ምን ትጠጣለች?»

«የዱቄት ወተት።»

«በምን ውሃ?»

እማማ ይፍላ ቀና አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠብቁት የኖሩት ጥያቄ ነው። «በተፈላ ውሃ! ያውም ግማሹ እስኪተን የተፈላ! እኔ እዚህ ቤት መቀቀያ ክፍል ውስጥ ነው ያረጀሁት፣ የኔ ልጅ።»

ሐኪሟ ነርሷን ጠርታ የሆነ መድኃኒት አስመጣች፤ ቀለሙ እንደ እስክሪብቶ ቀለም ድፍን ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ የሆነችን ልጅ ሰማያዊ ነገር ሲወጓት እማማ ይፍላ ዓይናቸውን ሸፈኑ። ሲገልጡት ከንፈሯ ጫፍ ላይ ትንሽ ቅላት ተመልሶ ነበር። ቆይቶ ጆሮዋ ቀላ። ቆይቶ ጮኸች፤ ክፍሉን አናጋችው።

«እሰይ!» አለ ባለሽንኩርቱ ከበር ላይ፣ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ። «ስደቢን! ሁላችንንም ስደቢን!»

ከሰዓት በኋላ የሽንት ጨርቋን ሲቀይሩ አረንጓዴ ሆኖ አገኙት፤ እማማ ይፍላ «ልጄ ሆዷ ውስጥ ምን ፈሰሰ!» ብለው ነርሷን ሁሉ አስሮጡ። መድኃኒቱ እየወጣ ነው ተባሉ። «ታዲያ ቀድሞ አይነገርም?» አሉ። ያን ቀን የሳቁት በዚያ ብቻ ነው።

ሐኪሟ ስትሸኛቸው ሁለት ጠርሙስ ሰጠቻቸው። «ነገ ከጉድጓዱ አንድ፣ ከሚያፈሉት አንድ አምጡልኝ።»

እዚህ ላይ ልቤ ይደማል። እማማ ይፍላ በማግስቱ ጠዋት ውሃውን ከምንጊዜውም አብልጠው አፈሉት። ጥፋቱ የዱቄቱ ወይም የጡጦው መሆኑን፣ የእሳቸው እጅ ንጹሕ መሆኑን ውሃው ራሱ እንዲመሰክርላቸው። ድስቱ ሥር ጥቂት እስኪቀር አንተከተኩት። ጠርሙሱን ቀቀሉት። ክዳኑንም ቀቀሉት። ከዚያ ሁለቱን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘው ሄዱ።

ሐኪሟ ከአንድ ትንሽ ብልቃጥ ቀጫጭን ወረቀቶች አወጣች። አንዱን የጉድጓዱ ውሃ ውስጥ ነክራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሌላውን ከተፈላው። ጠበቁ። የመጀመሪያው ወረቀት ጫፍ እንደ ጽጌረዳ ቀላ። ሁለተኛው ቀላ፣ ጠቆረ፣ ወይን ጠጅ ሆነ።

«የቱ ነው የእኔ?» አሉ እማማ ይፍላ።

ሐኪሟ ወይን ጠጁን በጣቷ ጠቆመች።

«ተሳስተሽ ይሆናል። ድገሚው።»

ደገመችው። ያው ሆነ።

«እማማ» አለች ሐኪሟ፣ ወንበሯን አስጠግታ፤ «እሳት የሚገድለው ሕይወት ያለውን ነው። ተባዩን፣ ጀርሙን። እሱን እርስዎ ገድለውታል፤ እዚህ ውስጥ አንድም የለም። ይኼ ግን ሕይወት የለውም። ከማዳበሪያ የሚመጣ እንደ ጨው ያለ ነገር ነው። ለትልቅ ሰው እምብዛም አይታወቅም። ጨቅላ ግን ሆዷ ውስጥ ይለወጥና ደሟን ይይዘዋል፤ ደሟ አየር መሸከም ያቅተዋል።»

እማማ ይፍላ ሁለቱን ወረቀቶች አዩ። ከዚያ፣ ለሐኪሟ ሳይሆን ለጠረጴዛው የሚናገሩ ይመስል፣ ቀስ ብለው አሉ፤

«ሾርባ ጨው በዝቶበት እሳት ላይ ብትረሺው…»

«አዎ።»

«ውሃው ይሄዳል።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ጨው አይሄድም።»

ሐኪሟ እጃቸውን ያዘች። «እርስዎ አይደሉም። አፍሉ ያልናችሁ እኛ ነን። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አይተውታል? ድስትና እሳት ነው። ‹ይህን ብቻ አፍሉ፣ ያን ተዉት› የሚል አልተጻፈበትም።» ከዚያ ጠየቀች፤ «ከጉድጓዱ በላይ ማሳ አለ?»

በመስኮቱ በኩል ባለሽንኩርቱ ይታይ ነበር። ባጃጁን እየወለወለ፣ መጥረጊያ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ «ልጅቱ ድናለች!» ይላል።

«አለ» አሉ እማማ ይፍላ።

ከጤና ጣቢያው ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰነው የግብርና ቢሮ ነው። ሲወጡ ጎራ ብለው ገቡ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ ስለ ማዳበሪያና ስለ ዝናብ ጠየቁት። ሰውዬው ሳቅ አለ። «ዝናብ ሊመጣ ሲል እንዳይበተን ነዋ፣ እማማ! ይታጠባል፣ ወደ ውሃ ይገባል። ትንሽ ትንሽ እየተደረገ፣ አፈር እየለበሰ ነው። ይኼማ የታወቀ ነው።»

የታወቀ ነው! ለማን? ለጠረጴዛው? ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ውሃ አፍሉ እያሉ ሥዕል ይለጥፋሉ፤ ወዲህ ያሉት ማዳበሪያ ጨምሩ እያሉ ሥዕል ይለጥፋሉ። አንዱ የሌላውን የስልክ ጥሪ በግድግዳው ውስጥ ይሰማል። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘው ወር በገባ ቁጥር ደመወዝ ይፈርማሉ። ሁለቱ ግማሾች የተገናኙት በአንዲት ሕፃን ጡጦ ውስጥ ነው።

እማማ ይፍላ ግን አልተቆጡም። ቤታቸው ደርሰው መጀመሪያ ያደረጉት የጉድጓዱን ክዳን በቁልፍ መቆለፍ ነው። ለሕፃኗ የሚሆነውን ውሃ ልጃቸው ከአውቶቡስ ተርሚናሉ ቧንቧ በጄሪካን ታመጣ ጀመር።

ሰፈሩ አጉረመረመ። በማግስቱ ነፍሰ ጡሯ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ባልዲዋን ይዛ መጣች፤ ሆዷ ገፍቶ አግዳሚው ላይ ለመቀመጥ እንኳ ይቸግራታል።

«ምነው እማማ ይፍላ፣ ውሃ ነፈጉን?»

«ነፈግኩ።»

«ኧረ በሞቴ! ይኼን ሁሉ ዓመት ሲሰጡ ኖረው! ካሳሰብዎት በደንብ አድርጌ አፈላዋለሁ።»

«አታፍዪ!»

መንገድ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ቆመ። ባልዲ የያዘው ባልዲውን እንደያዘ። እማማ ይፍላ «አታፍዪ» አሉ! አንዱ ጎረምሳ «ሴትዮዋ ታመዋል መሰለኝ» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ እኔም ያው ነበር ያሰብኩት።

ቁጭ ብለው አስረዱ። የቧንቧውን አፍሉ፣ የወንዙን አፍሉ፤ ይኼን ግን ጭራሽ አትጠጡ፣ አታብስሉበት፤ ልብስና ወለል እጠቡበት፣ በቃ። የሾርባውን ነገር ደጋግመው ነገሩ። ልብስ ሰፊዋ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ማሳው አየች። ሌሎቹም አዩ።

ማታውኑ ወሬው ኮረብታው ላይ ወጥቶ ኖሯል፤ ባለሽንኩርቱ ነድዶ ወረደ። እኔ ጎረቤታቸው አጥሬን እየጠገንኩ ነበርና ሁሉንም ሰማሁ።

«እታለም፣ መርዘኛ አልሽኝ አሉ!»

«አላልኩህም።»

«ሰፈሩ ሁሉ እንደ እባብ ያየኛል! እኔ ነኝ ለዚያች ልጅ ክፉ የምመኘው? እኔ ነኝ?»

«አይደለህም። ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም! ቁልፉን ስጪኝ።» ከአንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ራሱ አወለቀ፤ ክዳኑን ከፈተ፣ ቀዳ፣ በብርጭቆ ሞልቶ ፊታቸው ጠጣ። ደገመ። ውሃው አገጩ ላይ ፈሰሰ። «ይኸው! ሞትኩ? ከንፈሬ ጠቆረ? እይኝ እንጂ!»

እማማ ይፍላ አዩት። ከዚያ በመሐረባቸው አገጩን ጠረጉለት።

«አንተ ድንቡሼ አይደለህም» አሉት።

ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ።

«ዝናብ ሲመጣ የምነግርህ እኔ ነኝ» አሉ። «ጉልበቴን ይዤ የምጮህልህ እኔ ነኝ። አንተ በተንክ፣ እኔ አፈላሁ። አንተ ቀጭኑን ሰጠኸኝ፣ እኔ አወፈርኩት። ካንተ የእኔ ይብሳል። እና አሁን ጥፋተኛ ፍለጋ አይደለም የያዝኩት። ዝናብ ሲመጣ አትበትን፤ ይኸው ነው።»

«እና ሽንኩርቱስ?»

«ትንሽ ትንሽ አድርግ፣ አፈር አልብሰው፤ እንደ ሰው።»

«ብቻዬን! በዚህ ወገብ! ከላዬ ያሉትስ? ሁሉም እንደኔ ነው የሚበትነው! እኔ ብተው ጉድጓድሽ ይጠራል?»

«ሐኪሟን ጠይቄያት፣ ሁላችሁም ዛሬ ብትተዉ እንኳ ዓመታት ይፈጃል አለችኝ።»

«እሰይ! ታዲያ ምን አለፋኝ?»

ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ። ቁልፉን ክዳኑ ላይ ትቶት ሄዷል፤ እሳቸው ተነሥተው መልሰው ቆለፉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልተነጋገሩም። ልጃቸው በመካከል እየተመላለሰች «አጎቴ ሰላም ብሏል» ትላለች፤ ሰላም እንዳላላቸው ግን እሳቸውም ያውቃሉ። ድንቡሼ ቀልታለች፣ ወፍራለች፣ የአያቷን አፍንጫ ይዛ አትለቅም። እማማ ይፍላ የቧንቧውን ውሃ ሲያፈሉ ግን ምድጃው ፊት ቆመው ይቀራሉ። አንድ ጊዜ ገና መንተክተክ ሲጀምር አወረዱት፤ መልሰው ጣዱት፤ መልሰው አወረዱት። እጃቸው የሚያውቀውን ነገር ማመን አቅቶት አየሁ። ሰው ላይ የሚደርስ ከዚህ የከፋ ነገር ብዙ አላውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቶ ሳለ፣ አግዳሚያቸው ላይ ተቀምጠው ቀኝ ጉልበታቸውን ያዙ።

ከላይ ድምፅ አልመጣም። ኩርፊያ ነዋ። ግን ባለሽንኩርቱ ሞኝ አይደለም፤ ማሳው ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያያል። እህቱ ጉልበቷን ስትይዝ አየ። ዞሮ ወደ መጋዘኑ ገባ፤ ሲወጣ ከረጢት ተሸክሟል።

እማማ ይፍላ ከዱላቸው ጋር ተነሡ። ያንን ተዳፋት በደህና ጉልበት እንኳ መውጣት ያስለከልካል። እየቆሙ፣ እየተነፈሱ፣ የአጥሩን እንጨት እየያዙ ወጡ። ልደግፋቸው ብሄድ «አንተ አጥርህን ጠግን» ብለው መለሱኝ። ሲደርሱ ከረጢቱ አፉ ተፈትቷል፤ ባልዲው አጠገቡ ነው። ከኮረብታው ጀርባ የመጀመሪያው ደመና ብቅ ብሏል።

«ምን ልትሆኚ መጣሽ በዚህ ጉልበት?» አለ።

«ጀምሮኛል።»

«አይቻለሁ።»

«ስለዚህ እሰረው።»

«እታለም፣ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ነው። ዛሬ ካልበተንኩ…»

አልጨረሰም። እማማ ይፍላ ከረጢቱ ላይ ተቀመጡበት። እንዲሁ፣ አግዳሚያቸው ላይ እንደሚቀመጡት፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው።

«ተነሽ።»

«አልነሣም።»

«ሊዘንብ ነው፣ ትረጥቢያለሽ!»

«ልርጠብ። እኔ ብሟሟ የሚጠጣኝ የለም።»

«ኧረ እግዜር ያሳይሽ! ሰው ምን ይለኛል? እህቱን ዝናብ ላይ አስቀመጠ ይለኛል!»

«ይበልህ።»

ዙሪያቸውን ዞረ። ከረጢቱን በጎን ሊስበው ሞከረ፤ እሳቸውም አብረው ተሳቡ፤ ተወው። ሽንኩርቱን አየ፣ ደመናውን አየ። ነፋሱ ቀዘቀዘ። ትልልቅ ጠብታ አፈሩ ላይ ቱፍ ቱፍ ማለት ሲጀምር ባለሽንኩርቱ አንድ ነገር አጉረምርሞ ወደ መጋዘኑ ሮጠ። ሲመለስ ትልቅ የፕላስቲክ ሸራ ይዟል። ከረጢቱን ሸፈነ፤ እህቱ ተቀምጣበታለችና እሷንም ሸፈነ። ቆሞ ትንሽ ከረጠበ በኋላ እሱም ሥሩ ገባ።

ከአጥሬ ሆኜ የሚታየኝ አንድ የተነፋፋ ሰማያዊ ሸራ ነበር። ዝናቡ ወረደ፤ በማሳው መካከል በቦዮቹ እየተንኳለለ፣ አፈር ብቻ ይዞ። ከጎን ያለው ማሳ ግን በጠዋት ተበትኖበት ነበር። ከሱ በላይ ያለውም። ውሃው ከዚያም ወረደ፤ ነጭ ነገር ይዞ ይሁን አይሁን በዓይን አይታይም። ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው። ሽቅብ ያለው ማሳ ሁሉ ደግሞ ከረጢት ላይ የምትቀመጥ እህት የለውም፤ ይህን ሥራ ደመወዝ የሚበላበት ሰው ነበረ ሊሠራው የሚገባው።

ዝናቡ ሲያባራ ሸራው ተገለጠ። ወንድምየው እህቱን ደግፎ አስነሣ። የከረጢቱን አፍ በገመድ አሰረ፤ ጥብቅ አድርጎ።

«እሺ» አለ፣ ጀርባውን እንደሰጣቸው። «መቼ ልበትን ታዲያ? ንገሪኝ። ያው አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ።»

እማማ ይፍላ ጉልበታቸውን ዘርግተው አጠፉት።

«ሲተወኝ እጮህልሃለሁ» አሉ። «መኮትኮቻህን አሹል።»

ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ ከታች ወደ ላይ ይሰማ ነበር። «ትቶኛል!» ይላሉ፤ እሱም መኮትኮቻውን ይዞ ይወጣል፣ እያጉረመረመ፣ ወገቡን እየያዘ። የጉድጓዱ ክዳን እንደተቆለፈ ነው። ልብስ ሰፊዋ ወልዳለች፤ ወንድ። ውሃውን ከየት እንደምታመጣለት በየቀኑ የሚጠይቋት እማማ ይፍላ ናቸው።